ደብረ ብርሃን ላይ መብራትና ውሃን ጨምሮ፣ ለታክሲም ቅርብ የሆነ ቤት እንዴት ይገኛል?

ደብረ ብርሃን ቤት ለመከራየት ከባድ ከተማ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲው ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ መምህርና ተማሪ ያመጣል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ተመረቀ፤ የግል ፋብሪካዎችም በከተማዋ ዙሪያ ተተከሉ። በዚያ ላይ ከየአካባቢው ተፈናቅሎ የመጣ ብዙ ወገን አለ። ቤት ግን በዚያው ፍጥነት አልተሠራም። ስለዚህ ሰው ያገኘውን ክፍል ቶሎ ብሎ ይይዛል፤ ከወር በኋላ መብራቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ፣ ባጃጁ ለብቻ እየመጣ ደመወዙን ይጨርስበታል።

ይህን የምጽፈው በተለይ አዲስ ተቀጥሮ ለሚመጣ ሰው ነው፤ ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ገብቶ ከተማውን ገና ለማያውቅ። ምክሬ አንድ ነው። የኪራዩን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ በወር ከኪሳችሁ የሚወጣውን ድምር እዩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ድምር አስቀድሞ የማወቂያ መንገድ ነው።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

ሁለት ቤት አግኝታችኋል እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ ዋጋ ቀይሯቸው።

የመጀመሪያው 7,000 ብር ነው፤ መብራትና ውሃን ያካትታል። ወደ ሥራ አንድ ታክሲ ብቻ ይበቃል፤ መሄጃ 10፣ መመለሻ 10። በወር 26 የሥራ ቀን ብንቆጥር 520 ብር። ድምሩ 7,520።

ሁለተኛው 5,500 ነው፤ ምንም አያካትትም። መብራት 500፣ ውሃ 300፣ ቧንቧው ሲጠፋ ለሚገዛ ጀሪካን 200። ሥራ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ስለሚያስፈልግ በቀን 40 ብር፣ በወር 1,040። ድምሩ 7,540። አመሽታችሁ ታክሲ ባጣችሁ ቁጥር ባጃጅ በኮንትራት ስትይዙ ደግሞ፣ በወር አራቴ በ100 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ 7,940 ደረሰ።

ርካሽ የመሰለው ቤት ይኸው ተወደደ። በየቀኑ መንገድ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ገና አልቆጠርነውም።

የኪራይ አቅማችሁን ስትወስኑ ከዚህ ድምር ተነሱ። ለደላላ ስትነግሩም «እስከ ይህን ያህል፣ ሁሉን ጨምሮ» በሉ። የኪራዩን ጣሪያ ብቻ ከነገራችሁት እሱም በዚያ ዋጋ ምንም የማያካትት ቤት ያሳያችኋል፤ እናንተ የጠየቃችሁት ያንን ነውና።

2. ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት መንገዱን ፈልጉ

አብዛኛው ሰው ቤቱን ይይዝና ከዚያ ታክሲ ይፈልጋል። ተገልብጦ ቢሆን ይሻላል። የሥራ ቦታችሁ በር ላይ ቁሙና የትኛው መስመር እንደሚያልፍ እዩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው ዋና አስፋልት ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ ብዙው እንቅስቃሴ ያለው በእሱ ላይ ነው። መናኸሪያው፣ ጠባሴ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል፣ እያንዳንዱ የራሱ ታክሲና ባጃጅ ስላለው የሥራ ባልደረቦቻችሁን «ከየት ትመጣላችሁ? ስንት ትከፍላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማንም ደላላ የተሻለ መረጃ ይሰጧችኋል።

መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ካለው ነገሩ ይቀልላል። ሰርቪሱ የሚያልፍባቸውንና የሚቆምባቸውን ቦታዎች ከሾፌሩ ጠይቁ፤ ቤት የምትፈልጉት በእነዚህ ፌርማታዎች ዙሪያ ይሆናል። ሰርቪሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳም ያዙ። የፈረቃ ሠራተኛ ከሆናችሁ የሌሊቱን ፈረቃ ያመላልስ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ የቀኑን ብቻ ነው።

ሰርቪስ ከሌለ ታክሲው ተራ የሚይዝበት ቦታ አጠገብ ያለ ቤት ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠዋት ታክሲው ከተራው ሞልቶ ይነሳል፤ መንገድ መሐል የቆመ ሰው ባዶ ወንበር አያገኝም። በካርታ ሲታይ ለሥራ ቦታችሁ የቀረበው ቤት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግን የራቀው ሊሆን ይችላል።

አስፋልቱ ዳር ያለ ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል፤ ብርሃኑም ድምፁም መኝታ ቤት ይገባል። እኔ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለ ግቢ እመርጣለሁ። ኮብልስቶን እስከ በሩ ከደረሰ በጣም ጥሩ። ጥርጊያ መንገድ ከሆነ ግን ክረምት ላይ ጭቃ ነው፤ ባጃጅም «አልገባም» ይላችኋል።

ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁ እንደሚቀንስና ዋጋውም እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ታክሲ በጠፋበት ቀን በእግር ልትደርሱበት የምትችሉት ርቀት ከሆነ ለዚያ ቤት ትንሽ ጨምራችሁ መክፈል ያዋጣል።

3. የት ይፈለጋል?

በእግር፣ በሰው፣ በደላላ፣ በቴሌግራም። የእኔ ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

በመረጣችሁት ሰፈር ቅዳሜ ጠዋት እየተዘዋወራችሁ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤትና ቡና ቤት ጠይቁ። ባለሱቅ ማን ግቢ ክፍል እንደተለቀቀ ያውቃል። ማን ከተከራይ ጋር እንደሚጣላም ያውቃል። ብዙ ጥሩ ግቢ ደላላ ጋ ሳይደርስ በዚህ መንገድ ይያዛል፤ እትዬ እከሌ ክፍላቸውን ለማያውቁት ሰው ከመስጠት ባለሱቁ ያመጣውን ሰው ይመርጣሉና።

ደላላ ከያዛችሁ ኮሚሽኑን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፤ የሚከፈለውም ቁልፍ ስትቀበሉ ይሁን። «ለማሳያ» እያለ በየቤቱ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ አይቶ ቀብድ መላክ ግን በፍጹም አይሆንም። አከራዩ «ውጭ አገር ነኝ፣ ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ዛሬውኑ አስገባ» ካለ ንግግሩን እዚያው ጨርሱ።

ጊዜውም ለውጥ ያመጣል። መስከረም ላይ ተማሪውም ሠራተኛውም አንድ ላይ ይፈልጋል። ከቻላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያዙ። ዝናብ ውስጥ ቤት ማየት አይመችም፤ ግን ጣሪያው ማፍሰሱን፣ ግድግዳው መርጠቡንና በሩ ፊት ውሃ መቆሙን በዓይናችሁ የምታዩት ያኔ ነው።

4. በስልክ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። በአክብሮት፣ ግን በግልጽ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ስለ ክፍሉ ነበር። ኪራዩ መብራትና ውሃን ያካትታል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? በግቢው ስንት ቤተሰብ ይኖራል? ምጣድ ይፈቀዳል? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ማታ በሩ በስንት ሰዓት ይዘጋል?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። የፈረቃ ሠራተኛ ሆናችሁ ግቢው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ ታክሲ ቅርብ መሆኑ ምንም አይጠቅማችሁም። ሰዎቹን ጥፋተኛ ማድረግም አይገባም፤ ቤታቸው ነው፣ ለጸጥታም ይሰጋሉ። ቀድሞ ተነጋግሮ መስማማት ወይም ሌላ ቤት መፈለግ ነው።

5. መብራቱን እንዴት እንመርምር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከመብራት ነውና።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300 እያለ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል፤ ከ500 በላይ ያለው ከፍተኛው ነው። አሁን አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ቢጠቀም አስቡት። እያንዳንዱ 60 ብቻ ቢጠቀም ለብቻው ሁለተኛው እርከን ላይ ነበር። አንድ ላይ ግን 300 ይሆናል፤ ቆጣሪው አራተኛው እርከን ላይ ወጣ። ማንም ሳያባክን ሁሉም በውድ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። አከራዩ «እናንተ መብራት ትጨርሳላችሁ» ሲል ተከራዩ «እኔ አንድ አምፖል ነው ያለኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሌላም አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ዕቅዱም የአራት ዓመት ነው። «ጨምሮ» ብሎ ያከራየ ሰው ዛሬ ያሰበው ሒሳብ የዛሬ ዓመት አይበቃውም። ስለዚህ ጭማሪውን ማን እንደሚሸፍን ዛሬውኑ ካልተነጋገራችሁ ነገ በጭቅጭቅ ይመጣል።

ግቢው ስትደርሱ ይህን አድርጉ፦

ቆጣሪውን ለማየት ጠይቁ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱን ማን እንደሚሞላ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ተነጋገሩ። በወር የሚነበብ ቆጣሪ ከሆነ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ቢል በትሕትና ጠይቁ። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ከሆነ ማረጋገጫው ስልካቸው ላይ ይገኛል። ውዝፍ ያለበት ቆጣሪ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ጨለማ ውስጥ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ።

ለክፍላችሁ ብቻ የተገጠመ ቆጣሪ ካለ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ አጥፉና ተመልከቱት። ሁሉም ጠፍቶ ቆጣሪው አሁንም የሚሽከረከር ወይም ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ሌላ ክፍል በእናንተ መስመር ላይ ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል።

ስለ ምጣድ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ሁለት ሰዓት ከጋገራችሁ 7 ኪሎዋት ሰዓት፤ በየሳምንቱ ከሆነ በወር ወደ 30። አከራዮች ምጣድ የሚፈሩት ለዚህ ነው፤ የድሮ ሽቦም ሸክሙን አይችልም። እንጀራ ገዝታችሁ የምትበሉ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፤ ዋጋ ለመደራደር ይረዳችኋል። ቤተሰብ ካላችሁና የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ ምጣድ የተከለከለበት «ጨምሮ» አይጠቅማችሁም፤ በየቀኑ እንጀራ ስትገዙ የተረፈው ሁሉ ያልቃል።

ብርዱንም አትርሱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት የሚከራይ ሰው ስለ ቬንትሌተር ይጠይቅ፣ እዚህ ግን ስለ ሙቅ ውሃና ማሞቂያ ነው። ሻወሩ ማሞቂያ ካለው ወጪው በኪራዩ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። የክፍል ማሞቂያ የተከለከለ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ግዙ። ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል፤ ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሳታውቁት ይወስዳችኋል። በዚህ ምክንያት በየክረምቱም በየበጋውም ቤተሰብ ሙሉ ያልቃል። እባካችሁ።

6. ውሃው

ውሃ «ይካተታል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ መምጣት አለበት። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ትልቁ ጥያቄ ማጠራቀሚያ ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ አለ? ስንት ሊትር? ለተከራይም ነው ወይስ ለባለቤቱ ብቻ?

አንድ ሰው በቁጠባ በቀን 40 ሊትር ማለትም ሁለት ጀሪካን ይጠቀማል ብለን እናስላ። አራት ሰው ያለበት ቤት 160 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ስድስት ቀን ያደርሰዋል። ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ አምስት ቤተሰብ ካለ ግን በቀን 800 ሊትር ነው። ያ ሮቶ ሁለተኛውን ቀን አያጋምስም። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ የራሳችሁን በርሜል የምታስቀምጡበት ቦታ ይኑር።

ጎረቤት ተከራይን ባለቤቱ በሌለበት ጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት ውሃ መቼ መጣ?» በሉ። «ውሃ አለ ወይ?» ካላችሁ «አለ» ትባላላችሁ፤ ቀኑን ከጠየቃችሁ ግን እውነቱን ታገኛላችሁ። ፎቅ ላይ ከሆነ ግፊቱ እስከዚያ ይደርስ እንደሆነ ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱ።

7. ማታ ተመልሳችሁ ሂዱ

ቤቱን ቀን አይታችሁ ከወደዳችሁት ከምሽቱ 1፡30 አካባቢ ከሥራ ቦታችሁ ተነስታችሁ በታክሲ ሂዱ። ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ? ከወረዳችሁበት እስከ በሩ ስንት ደቂቃ ተራመዳችሁ? መንገዱ መብራት አለው? ውሻ አለ? ሴት ከሆናችሁ ይህን ጉዞ ከጓደኛ ጋር አድርጉት። ደላላው «አምስት ደቂቃ» ያለው መንገድ በእናንተ እግር ስንት እንደሆነ የምታውቁት ያኔ ነው። ጠዋትም 12፡30 ላይ አንድ ጊዜ ሞክሩት።

8. ድርድርና ውል

«ይቀንሱልኝ» ብቻ ብሎ መለመን ብዙ አያስኬድም። ለአከራዩ ስጋት መልስ ይዛችሁ ኑ። ጋሼ የሚፈሩት መብራቱ ከኪራዩ በላይ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ «እስከ ይህን ያህል ብር ያለውን እርስዎ ይክፈሉ፣ ከዚያ ካለፈ ትርፉን እኔ እሸፍናለሁ» በሏቸው። ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

ከዚያ በጽሑፍ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አዋጁ የሚተገበርባቸውን የክልል ከተሞች የሚወስኑት ክልሎቹ ስለሆኑ፣ ምዝገባው በእናንተ አካባቢ የት እንደሚካሄድ ከከተማ አስተዳደሩ የቤቶች ጉዳይ ክፍል ጠይቁ። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ካጋጠማችሁ ይህን አዋጅ በጨዋነት ጥቀሱለት።

ከመፈረማችሁ በፊት የሚያከራየው ሰው ባለቤት ወይም ሕጋዊ ውክልና ያለው መሆኑን በካርታና በመታወቂያ አረጋግጡ። እናንተም የመታወቂያ ኮፒ አዘጋጁ፤ ብዙ አከራይ ለቀበሌ ለማሳወቅ ይጠይቃችኋል።

ውሉ ላይ ስለ መብራትና ውሃ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ይግባ፦

«በወር የሚከፈለው ኪራይ ብር … ሲሆን የመብራት፣ የውሃ፣ የቆሻሻ ማንሻና የጥበቃ ክፍያን ያካትታል። ተከራይ በሳምንት አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በየቀኑ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም ይችላል። የክፍሉ የመብራት ፍጆታ በወር ከብር … በላይ ከሆነ ትርፉን ተከራይ ይከፍላል። የመብራት ወይም የውሃ ታሪፍ ቢጨምር ልዩነቱን የሚሸፍነው … ነው። ተከራይ ከግቢው ሮቶ በቀን … ጀሪካን ውሃ መጠቀም ይችላል።»

የጋራ ቆጣሪ ከሆነ የብር ጣሪያው ያለ ክፍል ቆጣሪ አይሠራም፤ ማን ስንት እንደተጠቀመ አይታወቅምና። ያኔ ወይ ለክፍላችሁ ትንሽ ቆጣሪ እንዲገጠም ወጪውን ተካፈሉ፣ ወይ ቁርጥ ያለ ብር ተስማሙ። በሰው ብዛት ማካፈልም አለ፤ ግን እንግዳ ሲመጣ፣ ልጅ ሲወለድ ንግግር ይነሳል።

9. በገባችሁበት ቀን

ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት የመብራቱንም የውሃውንም ቆጣሪ ከቁጥሩ ጋር ፎቶ አንሱና ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩላቸው። «ጋሼ፣ ዛሬ የገባንበት ንባብ ይኸው» ማለት በቂ ነው። የተሰበረ መስኮት፣ የተቃጠለ ሶኬት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለም አብራችሁ ላኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በወሩ መጨረሻ ንባቡን ጻፉ። ትራንስፖርታችሁንም እንዲሁ። ከዚያ በመጀመሪያ በወረቀት ከሠራችሁት ሒሳብ ጋር አስተያዩት፤ ከተራራቀ ምክንያቱ ከቆጣሪው ይሁን ከመንገዱ ታገኙታላችሁ። ከአከራዩ ጋር ስትነጋገሩም ወረቀቱን ይዛችሁ ነው።